ከሃይ ሃቱ ጎን የቆመ ጆሮ

በመድረክ ላይ የቤዝ ጊታር ተጫዋች የሚቆምበት ቦታ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ከድራመሩ ጎን፣ ብዙውን ጊዜም በሃይ ሃቱ (በእግር በሚከፈትና በሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) በኩል ይቆማል፤ የድራመሩን ቀኝ እግር ማየትና የራሱን ኖታ በእግር ከሚመታው ትልቅ ከበሮ፣ ከኪክ ድራሙ፣ ምት ጋር እኩል ማሳረፍ ስላለበት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለውም። እኔም ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ቆሜ ሠርቻለሁ። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ታዳሚው ስናዞር ድራመሩ በቀኜ ይሆናል፤ ስለዚህ ሃይ ሃቱና ከእሱ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ክራሽ ሲምባል ከቀኝ ጆሮዬ ከአንድ ሜትር ብዙም አይርቁም ነበር። ይህ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

አንድ ሌሊት ሦስት ሰዓት ሙሉ ከተጫወትን በኋላ ቤቴ ገብቼ መብራቱን አጥፍቼ ጋደም አልኩ። ክፍሉ ጸጥ ሲል በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን፣ ወጥ የሆነ፣ የማይቋረጥ ፉጨት ተሰማኝ። ጆሮዬ ከሥራ በኋላ ሲጮኽ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጠዋት ይለቀኛል ብለንም እንተኛለን። የዚያን ጊዜው ግን በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን አልለቀቀኝም። ሳምንት ሲሞላው ኪቦርድ ፊት ተቀምጬ ፉጨቱ ከየትኛው ቁልፍ ጋር እንደሚገጥም አንድ በአንድ እየነካሁ ፈለግኩ። ያገኘሁት በባለ 88 ቁልፉ ኪቦርድ ቀኝ ጫፍ፣ በመጨረሻዋ ቁልፍ ላይ ነው። የዚያች ቁልፍ ድምፅ 4186 ኸርዝ (በሴኮንድ 4186 ንዝረት) ነው። ዕድሜዬን በወፍራም ክሮች ላይ ያሳለፍኩ ሰው፣ የመሣሪያዬ የመጨረሻ ፍሬት (አንገቱ ላይ ኖታ የሚለይ የብረት መስመር) እንኳ በማይደርስበት ከፍታ የሚጮኽ ነገር በገዛ ራሴ ውስጥ ማግኘቴ አስደነገጠኝ።

የመስማት ምርመራ ያደረገችልኝ ባለሙያ ውጤቱን በወረቀት አሳየችኝ። የግራ ጆሮዬ መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነው። የቀኙ እስከ 2000 ኸርዝ ድረስ ከግራው ጋር አብሮ ሄዶ፣ 4000 ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይሰምጥና 8000 ላይ እንደገና ይወጣል። ያ ስምጥ የድምፅ ጉዳት የታወቀ ምልክት መሆኑን ነገረችኝ። እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል በተጠመዘዘው የውስጥ ጆሮ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም። ከፍተኛ ድምፅ አስቀድሞ የሚጎዳው ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ የሚቀበሉትን ነው፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት የጆሮ ቦይ በቅርጹ የተነሳ በ3000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ራሱ አጉልቶ ወደ ውስጥ ማስገባቱ ነው። «የኔ መሣሪያ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ጆሮ አይጎዳም» የሚለው በእኛ ዘንድ የተለመደ አባባል ስህተት መሆኑን በዚያ ወረቀት ላይ አየሁት። ቀኝ ጆሮዬ የደረሰበት ነገር ከሲምባሎቹ የመጣ ነው፤ ሲምባሎቹ ያን ያህል እንዲመቱ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ግን የእኔ አምፕ፣ ማለትም የቤዜ ድምፅ ማጉያ፣ ነበር።

ይህን ማብራራት አለብኝ። የአራት ክር ቤዝ የታችኛው ኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ባለ አምስት ክሩ ደግሞ እስከ 31 ኸርዝ ይወርዳል። የሰው ጆሮ ለእንዲህ ዓይነት ዝቅተኛ ድምፅ የሰነፈ መሆኑን ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 በመለኪያ አሳይተዋል፤ ዝቅተኛው ድምፅ ከመካከለኛው ጋር እኩል ጎልቶ እንዲሰማ እጅግ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። በዚህ ላይ የ41 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ስለሆነ በክፍሉ ግድግዳዎች መካከል ተመላልሶ በአንድ ቦታ ይደራረባል፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ርቆ ደግሞ ይጠፋል። ተጫዋቹ ድምፁ በጠፋበት ቦታ ላይ ቆሞ ከሆነ አልተሰማሁም ብሎ አምፑን ይጨምራል። ጊታሪስቱ ተሸፈንኩ ብሎ ይጨምራል። ድራመሩ አጥብቆ ይመታል። ድምፃዊው ሞኒተሩን (የራሱን ድምፅ የሚያሰማውን የመድረክ ስፒከር) ከፍ አድርጉልኝ ይላል። በሁለተኛው ዘፈን ሁሉም ከፍ ብሏል፣ ማንም ግን ራሱን በደንብ አይሰማም። እኔ ለዓመታት የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ነበርኩ።

ከዚህ ያወጣኝ አንድ የድምፅ ባለሙያ ነው። በሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ላይ፣ እኔ ገና ክር ስቃኝ፣ ወደ መድረኩ ወጥቶ ምንም ሳይናገር አምፔን ከወለሉ አንሥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ፊቱን ወደ ራሴ ቀና አደረገው። ቀጥሎ የአምፑን የዝቅተኛ ድምፅ ቁልፍ ወደ ግራ፣ የመካከለኛውን ወደ ቀኝ አዞረ። «አሁን ድምፁን በግማሽ ቀንሰህ ተጫወት» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ፤ እያንዳንዱ የጣቴ ንክኪ ተለይቶ ተሰማኝ። ነገሩ ቀላል ነው። የቤዝ ኖታ መቼ እንደተነካና ምን ኖታ እንደሆነ ለጆሮ የሚነግረው ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ አካባቢ ያለው የድምፁ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ደግሞ ከስፒከሩ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ አምፑ ወለል ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ጉልበት እንጂ ጆሮ አይደለም። ለታዳሚው የሚሄደው ድምፅ በዲአይ ሳጥኑ (የቤዙን ድምፅ በቀጥታ በሚያስተላልፈው ትንሽ መሣሪያ) በኩል ወደ ሚክሰሩ ስለሚገባ የእኔ አምፕ ሥራ እኔንና ድራመሩን ማሰማት ብቻ ነው።

ትልቅ አምፕ መግዛት መፍትሔ የሚመስላቸው ባልደረቦች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። የዋቱ መጠን እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ያህል ጎላ እንዲል ደግሞ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም የአሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የምይዘው አንድ እጄ የሚያነሣው፣ ክላስ ዲ የሚባል ቀላል አምፕና አንድ ባለ 8 ኦም ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ነው፤ ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ሰፊ ቦታ ሲሆን ሌላ ባለ 8 ኦም እጨምራለሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ስለሚሆኑ አምፑ እስከዚያ ድረስ መውረድ መቻሉን በጀርባው ላይ ከተጻፈው ማረጋገጥ ግዴታ ነው። አምፑን ከካቢኔቱ የሚያገናኘው ኬብል የስፒከር ኬብል መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ጠፍቶኝ የጊታር ኬብል ሰክቼበት፣ በሥራው መሐል ስነካው ሙቀቱ እጄን አስደንግጦታል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለየብቻ ከረጢት ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ቤዙ ራሱ አራት ክር ያለውና ባትሪ የማይፈልግ ነው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ ስሙ የመጣው አንገቱ ላይ ካሉት ፍሬቶች ነው፤ ፍሬት በሌለው ግዙፉ የቆመ ቤዝ ላይ ጣት ፈልጎ የሚያገኘው ኖታ እዚህ በትክክል በቦታው ይወድቃል። የዚያን ጊዜው 34 ኢንች የክር ርዝመት እስከ ዛሬ መደበኛው ልክ ነው። እኔ ለስላሳ ሽፋን ያላቸውን ክሮች እመርጣለሁ፤ የጣት ፍጭት ድምፅ አያሰሙም፣ ከኪክ ድራሙም ጋር ይዋሃዳሉ። ቀደም ሲል ባትሪ ያለው ቤዝ ነበረኝ፤ ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው እየሠራ ያድራል፣ እኔም ይህን ረስቼ በዘፈን መሐል ድምፁ እየሻከረ ሄዶ የጠፋበት ምሽት አለ። መጥፎ መሣሪያ አልነበረም፤ ነገር ግን በሥራ ላይ የማስባቸውን ነገሮች ቁጥር መቀነስ ፈለግኩ።

አምፑን መቀነስ ብቻውን ግን አልበቃም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ወሰን በ85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ይሆናል። በስልኬ የድምፅ መለኪያ ከቆምኩበት ቦታ ስለካ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 100 አካባቢ ነበር፤ የዕለቱ ድርሻዬ በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል ያልቃል ማለት ነው። ይህ መለኪያ የሰውን ጆሮ እንዲመስል ተደርጎ ስለተሠራ በ63 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ወደ 26 ዴሲቤል ቀንሶ እንደሚያነብም ማወቅ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው በዋነኛነት ሲምባሉና ጊታሩ እንጂ ቤዙ አይደለም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ለስላሳውን የስፖንጅ የጆሮ መሰኪያ ነው። ጆሮን በሚገባ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከፍተኛውን ድምፅ ከዝቅተኛው ይልቅ አብልጦ ስለሚቀንስ የሲምባሉ ጥራትና የጣቴ ንክኪ ጠፍተው የተደፈነ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ሳላውቀው ክሩን አጥብቄ መምታት ጀምሬ ሁለቱ ጣቶቼ ውኃ ቋጠሩ። ከዚያ በኋላ ነው በጆሮዬ ቅርጽ ልክ የሚሠራውን ያሠራሁት። ባለሙያዋ በጆሮዬ ውስጥ ለስላሳ ሲሊኮን ሞልታ እስኪደርቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ቅርጽ በተሠራው መሰኪያ ውስጥ ሁሉንም የድምፅ ከፍታ በተቀራራቢ መጠን የሚቀንስ ትንሽ ማጣሪያ ይገባል። ማጣሪያው የ9፣ የ15 ወይም የ25 ዴሲቤል ይሆናል። እኔ በ15ቱ ጀመርኩ፤ 100 የነበረው 85 ይሆናል፣ 15 ደቂቃውም 8 ሰዓት ይሆናል።

ሒሳቡ የሚሠራው ግን መሰኪያው በደንብ ከገባና ከጆሮ ካልወጣ ነው። ለሁለት ዘፈን አውጥቼ ልስማ ብሎ ማውጣት የምሽቱን ጥበቃ አብዛኛውን ክፍል ያጠፋዋል። ስለዚህ የማስገባው መድረክ ላይ ከወጣሁ በኋላ ሳይሆን ከሳውንድ ቼኩ በፊት፣ ጸጥታ ባለበት ነው። ግራ እጄን በራሴ ላይ አሳልፌ የቀኝ ጆሮዬን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ እስባለሁ፤ በቀኝ እጄ መሰኪያውን ወደ ፊት ጠምዝዤ አስገባለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መልሼ አጠብቀዋለሁ። በትክክል ሲገባ የራሴ ድምፅ ከጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። አጃቢ ድምፅ ለሚዘፍን ሰው ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ የራሴን ድምፅ ከሌሎቹ ጋር አመጣጥኜ ለመዝፈን አሥር ያህል ሥራ ፈጅቶብኛል። በእነዚያ ሥራዎች ሁሉ የመሰልቸትና የመነጠል ስሜት ነበረኝ፣ ይህንንም ለጀማሪ መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ሲምባሉ ይሸፍናቸው የነበሩ ነገሮች መሰማት ጀመሩ፤ የቤዜ ቅኝት ሲዛነፍ ከበፊቱ ፈጥኜ አውቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1988 በሳን ፍራንሲስኮ ለሙዚቀኞች የመስማት ጥበቃ የሚሠራውን ሂር የተሰኘ ድርጅት ከመሠረቱት አንዷ ካቲ ፔክ ራሷ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበረች፤ ለዚህ ሥራ ያነሣሣትም በመድረክ ላይ የደረሰባት የመስማት ጉዳት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ነገሩን ለባንዱ በግልጽ የተናገርኩት። ድራመሩን ትንሽ ልራቅህ ስለው «ወንድሜ፣ ከራቅህብኝ እግሬን እንዴት ታየዋለህ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። በገላጣ ቦታ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ በክፍል ውስጥ ደግሞ ከዚያ ያነሰ፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ወደ ጎን ወጥቼ ከወንበሩ ትይዩ ቆምኩ፣ እሱም ኪክ ድራሙን ትንሽ አዙሮ እግሩን እንዳይ አደረገልኝ። ክራሹንም ወደ ሌላኛው ጎን አዛወረው። ይህን ያደረገው ማንም ሳይጠይቀው ነው።

ከዓመት በኋላ በተደረገልኝ ምርመራ የቀኝ ጆሮዬ መስመር ካለበት አልወረደም። ፉጨቱም አለ፤ በጸጥታ ውስጥ እሰማዋለሁ፣ ስተኛ ዝቅ ያለ የዝናብ ድምፅ ከፍቼ እተኛለሁ። በዚህ ወር ደግሞ ለቀኙ ጆሮ 15ቱን እንዳለ ይዤ ለግራው ባለ 9 ዴሲቤሉን ማጣሪያ እየሞከርኩ ነው፤ ድምፃዊው በግራዬ ስለሚቆም የእሱን ትንፋሽ መስማት እፈልጋለሁ። እስካሁን ሁለት ሥራ ሠርቼበታለሁ። ኪክ ድራሙ ከቀኜ መሆኑ ቀርቶ ከመሐል የሚመጣ ይመስለኛል፤ እግሩን እያየሁ ስጫወት ዓይኔና ጆሮዬ ገና አልተስማሙም።