ሽንኩርት ብቻ የቀረው ሞተር

የሞተር ሳይክሌ ነዳጅ መስጫ ጠባዩን ቀየረ። አዙሬ ስለቀው እሺ ብሎ አይመለስም። እያሰበ፣ እየተለመነ ነው የሚመለሰው።

«ካቦው፣ ነዳጅ መስጫው የሚስበው ሽቦ፣ ደርቆ ነው» ብዬ ራሴን መካኒክ አድርጌ ሾምኩ። የሞተር ዘይት ፈለግኩ፣ የለም። ማድ ቤት ስገባ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ቁጭ ብሏል። ዘይት ያው ዘይት ነው፣ አይደል?

የካቦውን ጫፍ ከመሪው ፈታሁ። የፌስታል ጥግ በጥቂቱ ቀድጄ አሰርኩበትና ዘይቱን ጠብ ጠብ አደረግኩ። ሲነጋ በታች በኩል ወጥቶ መሬቱን አርሶታል። ነዳጅ መስጫው ቅቤ ሆነ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

አንድ እሁድ ጠዋት ባሕር ዳር ውስጥ ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ፣ በዘንባባዎቹ ሥር እየመጣሁ ነው። ነዳጅ ሰጥቼ ለቀቅኩ። እሱ ግን አልለቀቀኝም። ደንግጬ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ጨበጥኩ። ጎማው ሲያርፍ ሞተሩ ባሰበት፣ እንደ አውሮፕላን ጮኸ። እንደምንም በፍሬን የቆምኩት የት ነው? ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ! ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ከቅዳሴ እየወጣ ነው።

«በሁዳዴ? ምነው አሁንስ!» አሉ አንድ አባት።

እኔ ነዳጅ መስጫውን ወደ ኋላ እጠመዝዛለሁ፣ ሞተሩ ያገሳል። አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ቁልፍ የለውም እንዴ?» አሉኝ።

ለካ ቁልፍ አለው። አጠፋሁት።

እየገፋሁ መካኒክ ጋ ደረስኩ። ልጁ ካቦውን መዝዞ በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። አሸተተው። እንደገና አሸተተው።

«ወንድሜ፣ ሽንኩርቱን የት አደረስከው?»

ኑግ እየደረቀ ሲሄድ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ የበጋ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ አለቀ። የሚያናድደው ግን ይህ አይደለም። በቅርቡ ራሴ የቀየርኩት የነዳጅ መስጫው እጀታ ጎማ ጠልቆ ገብቶ የመያዣውን ጎን እየታከከ ነበር። ልጁ ትንሽ ወደ ውጭ ሳበው። ከመጀመሪያውም ችግሩ ይኸው ብቻ ነበር!

አዲስ ካቦ አስገባ። ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥጉ አዞረው፤ ድምፁ ካልጨመረ ካቦው አልተወጠረም ማለት ነው አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጠርሙሱን ይዛ ቆማለች።

«ይሄን ዘይት አይጥ ነው የጠጣው?»

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።