ሰኔ ለማቲ ና

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው የምሠራው፤ የማታ ፈረቃ። ከምንከባከባቸው አንዱ ካናዳ ውስጥ ፈረንሳይኛ በሚነገርባት ኩቤክ የተወለዱ፣ የመርሳት ሕመም የጠናባቸው አዛውንት ነበሩ። እንግሊዝኛው ቀስ በቀስ ጠፍቷቸው የቀራቸው የልጅነት ፈረንሳይኛቸው ብቻ ነው። በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ በኋላ የመጣው ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል። በእኛ ፈረቃ ደግሞ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው የለም።

አንድ ሌሊት ልብሳቸውን ልቀይር ስል እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። ሲፈሩ እንዲህ ናቸው። ሳላስበው ከአፌ ዜማ ወጣ። «ፍሬር ዣክ፣ ፍሬር ዣክ...»

ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ነው፤ ፈረንሳይኛውም አብሮት ገባ። ለገሃር የምንለው ራሱ «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። አያቴ ማታ ማታ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዘፍኑኝ ነበር። «ሶኔ ሌ ማቲን» የሚለውን እኔ «ሰኔ ለማቲ ና» ብዬ ያዝኩት። ማቲ የሚባል ልጅ በሰኔ እንዲመጣ እየተጠራ ይመስለኝ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የያዙኝ ጣቶች ላሉ። ሁለተኛውን ስንኝ ስጀምር እሳቸው የመጀመሪያውን ጀመሩ፤ ጥርት ባለ ድምፅ። ተሳሳቱ ብዬ አቆምኩና አብረን እንድንነሳ ደገምኩላቸው። አሁንም ጠብቀው ዘግይተው ገቡ። እንደገና አቆምኩ። በሦስተኛው አልጋውን በመዳፋቸው መትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። መዝገቡ ላይ «ዘፈን ሞክረዋል፤ ተራው ግን ተምታቶባቸዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ዘፈኑን ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰማሁት። አንዱ ወገን ይጀምራል፤ እሱ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ሌላው ከመጀመሪያው ይነሳል። ለካ በቅብብል ነው የሚዘፈነው! አያቴ ጣታቸውን አንስተው «ቆይ» ይሉኝ የነበረው ለዚህ ነው። ትርጉሙንም ያን ቀን አወቅሁ። ወንድም ዣክ፣ ተኝተሃል ወይ፣ የጸሎቱን ደወል ደውል። እንቅልፍ የጣለው መነኩሴ ነው፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ደወል ሳይመታ ያደረ ዲያቆን። የአያቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣና እንባዬ ወረደ።

ያመመው ሰው ከእኔ የተለየ ነገር ሲያደርግ የተሳሳተው እሱ ነው ብዬ ነው ሁልጊዜ የምነሳው። ስምንት ዓመት እንዲያ ሠርቻለሁ።

ማታ ስገባ መዝገቡ ላይ ማረሚያ ጨመርኩ፤ ለኃላፊዋ ነርስም ነገርኳት። ከዚያ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። በሁለት ጣታቸው ብርድ ልብሱን እየመቱ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ ገቡ። አላቆምኩም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን አፌ በለመደው «ለማቲ ና» አልኩ።

ዘፈናቸውን አቋርጠው ዓይኔን አዩኝ።

«ማቲን» አሉኝ ረጋ ብለው።

የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየፈታሁ ደገምኩት። ማቲን።