ከሌሊት ሥራ መልስ ዳማን ማድከም፦ የአምስት ሳምንት ልምዴ

ዳማ የ2 ዓመት ጀርመን ሼፐርድ ናት። እኔ ደግሞ በሳምንት ሦስት ሌሊት የማድር ነርስ ነኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የግቢውን በር ስከፍት እርሷ ትዘላለች፤ እኔ ቆሜ አንቀላፋለሁ። ከወር በፊት ከማስጫው ገመድ ያወረደችው የሥራ ልብሴና ከሥሩ የነቀለችው ጤና አዳም አሁንም ይታዩኛል። ያን ጊዜ ተቆጥቻት ነበር፤ ይጸጽተኛል። የምትሠራው ነገር አጥታ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያባከንኩት በሩጫ ነው። እንቅልፍ እየጎተተኝ በሰሚት አስፋልት ዳር 40 ደቂቃ አስሮጣት ነበር። እኔ ዛልኩ፤ እርሷ ጠነከረች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከሩጫ ተመልሳ፣ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ፣ ኳሷን እግሬ ሥር ትጥል ጀመር።

ነገሩ ከዘሯ ጋር የተያያዘ ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የሚባል ጀርመናዊ በ1899 እ.ኤ.አ. የዘሩን ማኅበር ሲመሠርት መነሻ ያደረገው የእረኛ ውሾችን ነው። እነዚህ ውሾች በጎቹ ወደ ሰው እርሻ እንዳይገቡ ቀኑን ሙሉ በመንጋው ዳር እየተመላለሱ እንደ አጥር ያገለግሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በእግር ሩጫ አደክማለሁ ማለት ለእኔ አልሆነም።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ አፍንጫዋ ዞርኩ። የውሻ አፍንጫ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሽታ ተቀባይ ሴሎች አሉት፤ የእኛ ጥቂት ሚሊዮን ብቻ ነው። ጉበት ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት እቀቅላለሁ (ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ)፤ የሽምብራ ፍሬ አሳክዬ እከትፈዋለሁ። ዳማን በረንዳው ላይ አስሬ ሃያ ያህሉን ጓሮው ሣር ውስጥ እበትናለሁ። ከዚያ ፈትቻት በርጩማ ላይ ሻይዬን ይዤ እቀመጣለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ሁለት ጊዜ ሮጣ አለፈችው። በሦስተኛው ድንገት ቆመች፤ ጭራዋ ዝቅ አለ፤ አፍንጫዋ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ትንፋሿ በአጭር በአጭሩ ይሰማ ጀመር። ከዚያ በኋላ አልሮጠችም፤ ጓሮውን እየተጠማዘዘች ስንዝር በስንዝር ፈተሸችው። አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆናት ነው። ውኃ ጠጥታ ጥላው ሥር ተዘረጋች። እኔም ተኛሁ።

በአራተኛው ሳምንት ቸኮልኩ። ጉበቱን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ፣ ነጠላውን ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ካርቶኑን ጆንያ ሥር ደበቅሁት። ትንሽ ሞክራ ተስፋ ቆረጠችና እኔን እያየች ጮኸች። በማግሥቱ ወደ ሦስት የተደፉ ጣሳዎች መለስኳት፤ ጉበት ያለበት አንዱ ብቻ ነው። ይህ ልኳ ነበር። ቶሎ ቶሎ እያገኘች ስትሄድ ነው ማክበድ የሚገባው። የጉበቱን ያህል ከምሳዋ እቀንሳለሁ፤ አለዚያ ትወፍራለች።

ሽርሽሩን ግን አልተውኩትም፤ ጓሮ የውጭውን ዓለም አይተካም። ሥራ በሌለኝ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቁርሷን ሳትበላ፣ በአምስት ሜትር ገመድ እንወጣለን። እንዲህ ደረተ ጥልቅ የሆኑ ውሾች ጠግበው ሲሮጡ ሆዳቸው ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። አካሄዱን የምትመራው እርሷ ናት፤ አንድ የአጥር ቋሚ ስታሸት ሦስት ደቂቃ ብትቆም እቆማለሁ። የሰፈር ውሾች በቡድን ከመጡ ሳልሮጥ ቀስ ብዬ መንገድ እቀይራለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በየዓመቱ የማስከትባት ለዚህም ነው።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ፦ ቆራሌው። ረፋድ ላይ «ቆራሌው!» ሲል ዳማ አጥሩን ልትንደው ትደርሳለች፤ እኔም ከእንቅልፌ እባንናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ድምፁ ሲሰማ አንድ እፍኝ ጉበት ሣሩ ላይ እየበተንኩላት ነው። ትናንት ሁለት ጊዜ ብቻ ጮኻ አንገቷን ወደ ሣሩ መለሰች።