ከጠመዝማዛው ደረጃ ሥር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ በአሮጌው የኡርሱላውያት ገዳም ውስጥ ከሚገኘው ጠመዝማዛ የእንጨት ደረጃ ሥር ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ደረጃው ካለበት ሕንጻ በዕድሜ ይበልጣል፤ ከፈረሰው የመጀመሪያው ገዳም ተነቅሎ እዚህ የተተከለ ነውና። ከዚህ ገዳም የወጣው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ድረስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጠቱን ቀጥሏል።

እ.ኤ.አ. በ1727 ኡርሱላውያት የሚባሉት ካቶሊካውያን ደናግል ከፈረንሳይ ተነሥተው፣ ወራት የፈጀውን አስቸጋሪ የባሕር ጉዞ ጨርሰው እዚህ ሲደርሱ፣ ሕሙማንን ከመንከባከብ ጎን ለጎን አዳሪና ተመላላሽ ተማሪዎችን ተቀበሉ፤ የነባር ሕዝቦችንና በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ሴቶች ልጆችም አስተማሩ። ሴት ልጅ ፊደል ብትቆጥር ምን ይረባታል በሚባልበት ዘመን ይህን መጀመራቸው ልቤን ነካው።

ነገር ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ደናግሉ ራሳቸው ባሪያዎች ነበሯቸው፤ ሰው በንብረትነት የተያዘበትን ያንን ግቢ ሳያነሣ የሚተረክ የትምህርት ቤት ታሪክ ለእኔ ጎዶሎ ነው።

ኒው ኦርሊንስ የምትገኝባት ሉዊዚያና በ1803 ለአሜሪካ ስትሸጥ ደናግሉ ስለ ንብረታቸው ሰግተው ለፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ጻፉ፤ እርሳቸውም በ1804 ንብረታቸውም ሆነ በራሳቸው ደንብ የመተዳደር መብታቸው እንደሚጠበቅ አረጋግጠው መለሱላቸው። ትምህርት ቤቱ በ1824 ከዚህ ሰፈር ለቀቀ፤ በ1912 ደግሞ አሁን ወዳለበት ስቴት ጎዳና ተዛወረ። ደረጃው ግን እዚሁ ቀርቷል፤ ከመውጣቴ በፊት ዞር ብዬ አንድ ጊዜ ደግሜ አየሁት።