ዘጠነኛው መደብ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2017 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ዘንድሮ የምሥራቁም የምዕራቡም ክርስቲያን ሚያዝያ 12 ቀን አብረው ስለሚያከብሩ፣ በሮምና በለንደን ያላችሁ ከእኛ ጋር ፈስካችሁ ማግስቱንም ከሥራ አርፋችሁ ትውላላችሁና ደስ ብሎኛል።

በዓሉ የመጣው ኪስ በሳሳበት ዓመት መሆኑን ግን መሸፋፈን አልፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ዘይቱም መድኃኒቱም አብሮ ተሰቀለ፤ ደመወዝተኛው ግን ወሩን መዝለቅ አቃተው። በእኔ ቤት ዘንድሮ በግ አልተገዛም፤ ለልጆቹም አዲስ ልብስ የለም። ያለንን በሁለት ነገር ላይ አውለነዋል፤ በልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያና በቅርጫው።

ቅርጫውን ያስቀደምነው በጥር ወር ስላጣናቸው አባባ ብለን ነው። በግቢያችን ለዓመታት ሥጋውን የሚመድቡት እርሳቸው ነበሩ። ስምንት ቤት አዋጥቶ በሬው ሲታረድ፣ እርሳቸው ኮባው ላይ ዘጠኝ መደብ ያሰናዳሉ፤ ከሽንጡም ከዳቢቱም ከጉበቱም ለየመደቡ እያደረሱ፣ አንዱ የበለጠ ሲመስላቸው በእጃቸው መዝነው ቆረጥ አድርገው ወደ ሌላው እያዛወሩ፣ በስምንቱ ላይ ዕጣ ያስጥሉና ዘጠነኛውን በሳህን ሸፍነው ጎሕ ሳይቀድ ይዘውት ይወጣሉ። ወዴት እንደሚያደርሱት የጠየቃቸው የለም። የእያንዳንዳችን ድርሻ በዚያው ልክ መቀነሱን ሁላችንም እያወቅን፣ አንድም ሰው ሲያጉረመርም አልሰማሁም። ተቀባዩም፣ ማን ይሁን ማን፣ ሲነጋ እንደ ማንኛችንም ቀና ብሎ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ በደጃችን ያልፋል።

ዘንድሮ ከስምንቱ ሦስቱ ቤቶች መግባት እንደማይችሉ አስታወቁ። ጸሎተ ሐሙስ ማታ እማማ፣ ከእነ ሐዘን ልብሳቸው፣ በየበራችን እየዞሩ «በሬው ቢቀር ወይፈን ይገዛ፤ መደቡ ግን ዘጠኝ ይሁን» አሉን። ስለዚህ አምስት ቤት ከፍለን ስምንት ቤት ዕጣ ይጥላል፤ ዘጠነኛውን የሚያደርሱት እማማ ናቸው። እማማ፣ ባልዎን በቀበሩ በሦስተኛው ወር ስለ ሰው ጓዳ ማሰብዎን አልረሳውም፤ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን። የእጁን ዋጋ አልቀበልም ብሎ ለሚያርድልን ለጎረቤታችን ልጅ፣ ባለቤቴ ታማ በነበረችበት ወር ቅቤና በርበሬ በዱቤ ሰጥታ አንድም ቀን ላላስታወሰችኝ የሾላ ገበያ ደንበኛዬም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ትንሽ ቢጎረብጥም፣ ልናገር። ታናሽ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ዲርሃሙ በብር ሲመነዘር ከበረከተ ወዲህ የምትልከው ገንዘብ የጨመረ ይመስለናል፤ እርሷ ግን የምትሠራው ያንኑ ሰዓት ነው፤ የምታገኘውም ያንኑ ዲርሃም ነው፤ እዚህ ደርሶ የሚገዛውም ዘይት ዋጋው ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። በብዙ ቤት ከአረብ አገር ስልክ ሲደወል ከጤናዋ በፊት የዕለቱ ምንዛሪ ይጠየቃል። በዚህ በዓል እንኳ፣ እባካችሁ፣ እንቅልፍ ትተኛ እንደሆነ፣ ወገቧን ተሽሏት እንደሆነ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ ፈቅደውላት እንደሆነ እንጠይቃት። በየቤቱ ለበዓል ከሚገዛው አንዱን ብንተወው ከዓመት ዓመት የሚገፋው የአገር ቤት ጉዞዋ ይቀርብ ይሆናል፤ እኛ በጉን የተውነው አንድም ለዚሁ ነው።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ለበዓሉ ምንም እንዳትልኪ። ያጠራቀምሽውን ለቲኬትሽ አድርጊው፤ የጎደለውን እኛ እንሞላለን። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ፤ ሁላችሁንም አደረሳችሁ።