ከዘይት ወጥቶ እስኪነጣ፦ ቢላ ሳጸዳ የተማርኩት

ባሕር ዳር ውስጥ ጓሮዬ ላይ ቢላ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ብረቱ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነው። ስለ መቀጥቀጥና ስለ ማጋል የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም። ቢላው ከዘይት ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሚጸዳ ግን ማንም አልነገረኝም። ብዙ ቢላ ያበላሸሁትም እዚያ ላይ ነው።

አንድ ዓሣ አስጋሪ ጋሼ የቆሮሶ ፊሌቶ ማውጫ ቢላ አዘዙኝ። ብረቱን ከሰል ላይ አጋልኩት። ማግኔት መሳቡን ሲያቆም፣ ያ 770 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ትንሽ ጨምሬ አሞቅኩና እንዲጠነክር ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ሲወጣ ጥቁር ቅርፊት ለብሷል፤ ከላይ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ተለጥፎበታል። እንዲህ ያለ ቢላ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ ቶሎ 200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አስገብቼ ማላላት ነበረብኝ። ቸኩዬ ከነዘይቱ አስገባሁት። ቤቱ በጭስ ተሞላ። ዘይቱም ብረቱ ላይ እንደ ቫርኒሽ ደርቆ ቀረ፤ በሳሙና ቢሉት፣ በላምባ ቢሉት ንቅንቅ የለም።

ያኔ ግራይንደር አነሳሁ። ቅርፊቱ በደቂቃ ተገፈፈ፤ ደስ አለኝ። ጫፉ ላይ ስደርስ ግን ብረቱ ሰማያዊ ሆነ። ቀለሙ ብዙ ይናገራል። የጤፍ ገለባ የመሰለ ቢጫ ከሆነ ከ200 ዲግሪ ትንሽ አልፏል፤ ያ ደህና ነው። ሰማያዊ ሲሆን ግን ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል፣ ጥንካሬውም ቀንሷል። ውሃ ውስጥ መንከሩ የሄደውን አይመልስም። የቢላ ጫፍ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። እንደገና አግዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ አቼቶ ሞከርኩ። ከሱቅ የሚገዛው 5 በመቶ አሲድ ያለው ተራ አቼቶ ይበቃል። ስለቱን ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት ቅርፊቱ በጣቴ ይለቅ ነበር። ነገር ግን ዘይቱን ደህና አድርጌ ስላላጠብኩት አቼቶው ዘይት የቀረበትን ቦታ ትቶ ሌላውን በልቶታል። በውሃ ብቻ አለቅልቄ አስቀመጥኩት። ክረምት ነበር፤ በማግስቱ ብርቱካናማ ዝገት ለብሶ አገኘሁት። ጋሼ ሊያዩት መጡና በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ምነው ዥጉርጉር ሆነብህ? ይኼ እኮ የዓሣ ደም ይይዛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አቼቶው በልቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የገባ ደም አይታጠብም፣ ይሸታልም።

አሁን ቅደም ተከተሉን አልለውጥም። ቢላው ከዘይት ወጥቶ እጅ የማያቃጥል ሲሆን ወዲያው በአመድና በሳሙና አጥበዋለሁ፤ እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድ ዘይት ይበላል። ከዚያ አንዱን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አነጣዋለሁ፤ ያለዚያ ኦቨን ውስጥ ቀለሙ አይታይም። ሁለት ሰዓት አስቀምጬ አወጣና ሲቀዘቅዝ እደግመዋለሁ። አቼቶው ከማላላት በኋላ ነው የሚመጣው። ሳይላላ የቀረ ጠንካራ ብረት አሲድ ውስጥ ቢገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዕቃውን አልከድነውም፣ ጋዝ ይወጣዋልና። በየሰዓቱ አውጥቼ በሽቦ ብሩሽ እፈትገዋለሁ፤ ቅርፊቱ እንዳለቀ አወጣዋለሁ። አላሳድረውም። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በበዛበት ውሃ አጥቤ፣ እዚያው በጨርቅ አደርቀዋለሁ። ያ ዝገት የመጣው ሶዳውን ስለዘለልኩ ነው።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ አሳስቶኛል። ቅርፊቱ ከለቀቀ በኋላ ሞረድ ስሞክር ሞረዱ ብረቱን ይበላ ነበር። አልጠነከረም ብዬ ሁለት ደህና ቢላዎች መልሼ አጋልኩ። ነገሩ ሌላ ነው። ብረት ሲግል ከላዩ ያለው ካርቦን ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከቅርፊቱ ሥር ቀጭን ለስላሳ ንጣፍ ይቀራል። እሱን አልፈህ ስትሞርድ ሞረዱ ይንሸራተታል። አሁን ትንሽ ሳልሞርድ አልፈርድም።

ቀሪው የእጅ ሥራ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ጠቅልዬ በውሃ እፈትጋለሁ፤ መጀመሪያ 120 ቁጥር፣ ቀጥሎ 220፣ መጨረሻ 400። አንዱን በአግድም፣ ቀጣዩን በቁመት አደርገዋለሁ። የፊተኛው ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አልሄድም። ግራይንደር ካስፈለገኝ ያለ ጓንት፣ ባልዲ ውሃ አጠገቤ አድርጌ ነው። ጣቴን ካቃጠለኝ ብረቱ ሞቋል ማለት ነው። መነጽርና ማስክ ግን አይቀርም።

ሲያልቅ የኑግ ዘይት እቀባው ነበር፤ ሲውል ሲያድር ይጣበቃል። አሁን ፀሐይ ላይ ሞቅ አድርጌ የንብ ሰም እቀባዋለሁ። የሐይቁን እርጥበት ከዘይቱ በተሻለ ይችላል።

ጋሼ በሦስተኛው ዙር የወጣውን ቢላ ወሰዱ። የጠቆረውን አቼቶ ልደፋው ስል፣ በዛፍ ልጣጭ የለፋውን የቆዳ አፎት ቀባሁበት። ዓይኔ እያየ እንደ ከሰል ጠቆረ። ብረት የበላ አቼቶ እንዲህ ያለ ቆዳ ሲያገኝ ያጠቁራል። በሶዳ ውሃ አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ ላክሁላቸው።