ራጁ ደህና ነው ተባልን

የእህቴ ልጅ 14 አመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ሰፈር ኳስ ሲጫወት ማንም ሳይነካው ዞር ሲል ጉልበቱ "ቋ" አለና ወደቀ። ተሸክመው ሲያመጡት አቦል ላይ ነበርን፣ በረካ ሳንደርስ ጉልበቱ ተነፍቶ ቱታውን በመቀስ ቀደን አወጣንለት።

ጎረቤት "ወለምታ ነው ወጌሻ ጋ ውሰዱት" አለ። እኔ ወጌሻ አልንቅም፣ ግን እንደዛ ያበጠ ጉልበት አይታሽም፣ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም ተዘግቶበት እግሩን ያጣ ልጅም አለ። ሀኪም ቤት ሄድን፣ ራጅ ተነሳ፣ "ስብራት የለም" ብለው ማስታገሻና ቅባት ሰጥተው ሸኙን። እኛም ደስ ብሎን ገባን።

ከሶስት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ጎደለ ግን ደረጃ ሲወርድ "ጋሼ ጉልበቴ ይከዳኛል" ይለኝ ጀመር። ሌላ ቦታ የአጥንት ስፔሻሊስት ጋ ወሰድነው፣ ገና ከመቀመጣችን የጠየቀን "እብጠቱ ወዲያው ነው የመጣው ወይስ በማግስቱ?" ብሎ ነው። ለካ በሰአታት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ብዙ ጊዜ ደም ነው፣ ጅማት ተበጥሷል ወይ የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው ወጥቶ ተመልሷል ወይ አጥንት ተገንጥሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ከዛ መጀመሪያ ደህናውን ጉልበት ትንሽ አጠፍ አርጎ በአንድ እጁ ጭኑን ይዞ በሌላው ቅልጥሙን ወደፊት ሳበው፣ ያዝ አርጎ ቆመ። የታመመውን ሲስበው ግን ሸርተት ብሎ ሄደ፣ እኔ እንኳን በአይኔ አየሁት። ኤምአርአዩም ኤሲኤል (ጉልበት ውስጥ ሆኖ ቅልጥሙ ወደፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጅማት) ተበጥሷል አለ። ራጅ ጅማት አያሳይም በቃ፣ ማንም አልነገረንም እንጂ። (ትንንሽ ልጆች ላይ አንዳንዴ ጅማቱ ሳይበጠስ የተጣበቀበትን አጥንት ይዞ ይነሳል፣ እሱን ከጎን የተነሳ ራጅ ያሳያል አለን።)

ለጉልበት ሄደን የእጁን ራጅ ሲያዝ ግራ ገባኝ። አጥንቱ ገና ስንት እንደሚያድግ ማያ ነው፣ ምክንያቱም ኦፕራሲዮኑ አጥንት መብሳት ስላለው አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ከተጎዳ እግሩ ሊያጥር ወይ ሊጣመም ይችላል። ይቆይ እንዳንል ደግሞ ጉልበቱ በከዳው ቁጥር ሚኒስከሱ (በጉልበት አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ ያለው ልም አጥንት) እየተቀደደ ይሄዳል። ከጭኑ ጀርባ ጅማት ወስደው ሰሩለት።

አሁን ስድስት ወሩ ነው፣ ፊዚዮቴራፒ ላይ በአንድ እግሩ ቁጭ ብድግ ያሰሩታል፣ የታመመው ጭኑ አሁንም ከሌላው ይቀጥናል። ኳስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር፣ እሱም የጭኑ ጉልበት ተለክቶ ነው ተብሏል። ትናንት "ጋሼ በረኛ ብሆንስ?" አለኝ። በረኛም ይዘላል አልኩት፣ አኮረፈ።